ጥርት ያለ ውሃ

ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ውሃ የሚቀዳው በወረፋ ነበር። ጀሪካኖች ገና ሳይነጋ ይደረደራሉ፤ ትልልቁ ሰው ወሬውን ይዞ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል፤ ልጆች ጀሪካን እንጠብቃለን። ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲወድቅ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ የተሻገረው ሰው ብዙ ነው። ወታደሩ፣ ተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ አንዳንዱም እንደኛ ከነቤተሰቡ፣ በዚያ ቆላ የቦረና ሜዳ ላይ ላስቲክ ወጥሮ ሰፍሮ ነበር። ከዚያ ሁሉ ዛሬ ፊቴ ድቅን የሚሉት ከውሃው ታንከር ሥር የማይጠፉት ሰውዬ ናቸው።

እኛ ልጆች ጋሼ ነበር የምንላቸው። ትልልቆቹ «ጋሽ ክሎሪን» ይሏቸዋል፤ ስሙን አልጠሉትም። ከእጃቸው የማትለይ፣ መዳፍ የምታህል፣ ሁለት ክፍል ያላት የፕላስቲክ ሳጥን ነበረቻቸው። ውሃ ይሞሉባትና ትንሽ ነጭ ኪኒን ይጥሉባታል። ኪኒኑ ሲሟሟ ውሃው ቀስ እያለ ሮዝ ይሆናል። ሳጥኗን ወደ ብርሃን አንስተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቀለሙን ጎኗ ላይ ካሉት ደረጃዎች ጋር ያስተያያሉ። በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ክሎሪን መቅረቱን ሲያዩ ቧንቧው ይከፈታል። ቀለም ካልመጣ ግን ሰው ቢቆጣም ቢለምንም አይከፈትም። «ቀለም ሳይመጣ ቧንቧ የለም!» የሚለው ድምፃቸው አሁንም ይሰማኛል። ተቅማጥ ካምፕ ውስጥ ከገባ በሕፃናት እንደሚጀምር ስለሚያውቁ ነበር። ውሃው ደፍርሶ ሲመጣ ደግሞ ቆሻሻው ክሎሪኑን ይጨርሰዋልና መጀመሪያ እንዲጠል ያዝዛሉ። እኛም ጥርት ያለ ውሃ ደኅና ውሃ ነው ብለን አደግን።

ጋሼ የባሕር ኃይል ሰው ነበሩ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ ስትያዝ ከነበረው እሳት ተርፈው፣ እንዴት እንደሆነ ሳይነግሩን፣ ከቀይ ባሕር ዳር እዚያ አቧራ ውስጥ ደረሱ። ሲመሽ እየዞርን እንከባቸዋለን፤ ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል አይተነፍሱም፤ የሚያወሩልን ስለ ዳህላክ ዓሦች ነው። ብዙውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚዋኝ፣ እንደ ሰሃን ክብና ጠፍጣፋ፣ ሁለመናው ቢጫ፣ ዓይኑ ላይ ሰማያዊ ጥላ ያለው ዓሣ ነበራቸው፤ እሱን ሲያነሱ ድምፃቸው ይለወጣል። አንድ ምሽት ጨው ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ጠየቅኳቸው። ከድርሻቸው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው አንስተው አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ በጠበጡና «ነይ እስቲ ቅመሺ፤ ባሕር ይኼ ነው» አሉኝ። ፊቴ ተኮማተረ። ጨው በራሽን በሚሰፈርበት ቦታ ለአንዲት ልጅ ጥያቄ ያን ያህል ማውጣታቸውን ያስተዋልኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ካምፑ ሲዘጋ ብዙው ሰው ወደ ካኩማ ካምፕ ተወሰደ፤ እኛ ናይሮቢ ገባን። ጋሼን እንደገና ያገኘኋቸው ከዓመታት በኋላ ሞምባሳ፣ የውሃ ፓምፕ እየጠገኑ ሲኖሩ ነው። ሳሎናቸው ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ይዞ የቆመውን ሦስት መቶ ሊትር የሚሆን የመስታወት ገንዳ ነው። ጨው ውሃ፣ ድንጋይ፣ አሸዋ፣ በመሐል ሰማያዊ፣ ጥቁርና ብርቱካንማ ዓሦች። በኬንያ ጠረፍ ለጌጥ የሚሸጥ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች አሉና ከእነሱ እየገዙ ነው የሞሉት። ያ ቢጫ ዓሣ ግን አልነበረም። ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወጥቶ አይኖርም። «የኛው ሰፈር ልጅ ነው፤ እዚህ አይደርስም» አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ ገንዳው መልሰው።

ውሃው የታመመው በትምህርት ዕረፍት እሳቸው ጋ በሰነበትኩበት ጊዜ ነው። ጠዋት ስነሳ ዓሦቹ ሁሉ የውሃው ገጽ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ከሁሉ የሚያምረው ሰማያዊው ድንጋይ ተደግፎ ስንጥቡን በፍጥነት ያርገበግባል። ውሃው ግን አንዲት ጉድፍ የለበትም፤ የወዲያኛው ግድግዳ እንኳ በመስታወቱ ውስጥ አልፎ ይታያል። «ጋሼ፣ ውሃው እኮ ጥርት ብሏል!» አልኳቸው።

ጋሼ ምንም አልጨመሩበትም። መድኃኒት አላነሱም፣ ዓሣ አልነኩም። ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡና ለረጅም ጊዜ አዩት። ይኼን መቀመጣቸውን ከሁሉ በላይ እወደዋለሁ። ቀጥለው በተራ ያዙት። ዓሣ ውሃ ገጽ ላይ ሲያዛጋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአየር እጥረት ነው፤ በቢሾፍቱ ሐይቆች ብርድና ነፋስ በሚበረታበት ወራት የታችኛው አየር አልባ ውሃ ወደ ላይ ሲገለበጥ ዓሣው እንዲሁ ሆኖ ያልቃል። ፓምፑ ይሠራል፣ ውሃው ይንቀሳቀሳል፤ ተጨማሪ አየር ቢነፋበትም ዓሦቹ አልተሻላቸውም። ሙቀቱ 27 ዲግሪ፣ ደኅና። የጨው መለኪያው 1.025፣ ደኅና። ከድንጋይ ሥር የሞተ ነገር ይኖር እንደሆነ እየፈነቀሉ አሸተቱ፤ የለም።

በመጨረሻ ትንሽ የብርጭቆ ብልቃጥ አወጡና ከገንዳው 5 ሚሊ ሊትር ቀድተው ጠብታ ጨመሩበት። ቢጫ ሆኖ ቢቀር ኖሮ እፎይ ባልን፤ አረንጓዴ ሆነ፣ እየቆየም ጠቆረ። እንደ ዋልዳው ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስተው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አሞኒያ» አሉ።

ዓሣ አሞኒያን በስንጥቡ ያስወጣል። ባሕር ውስጥ ውሃው ሰፊ ነው፤ ገንዳ ውስጥ ግን የሚያጠፋለት ያስፈልጋል። የሚያጠፉለት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አንደኛው ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላኛው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ይኼ ሥራ የባክቴሪያዎች መሆኑን ሩሲያዊው ቪኖግራድስኪ እ.ኤ.አ. በ1890 አካባቢ ነው ያረጋገጠው። የባሕር ገንዳ ደግሞ ፒኤቹ 8.2 አካባቢ ስለሆነ ችግሩ ይብሳል። ፒኤቹ 7 በሆነ ውሃ ውስጥ ከአሞኒያው መርዛማ መልክ የሚይዘው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ በዚህኛው ግን፣ ሙቀት ሲታከልበት፣ ወደ አሥረኛው ይጠጋል። ቀለም የለውም፣ አያደፈርስም። ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ ሆኖ ነው የሚገድለው።

አሞኒያው ከየት መጣ? ጋሼ ማጣሪያውን ከፈቱት። ስፖንጁና የሸክላ ቀለበቶቹ ነጭ ናቸው፣ አዲስ የተገዙ ይመስላሉ። ቤት የሚያግዛቸው ልጅ፣ ሊያስደስታቸው ብሎ፣ በበረኪና ዘፍዝፎ፣ አጥቦ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ መልሷቸው ኖሯል። ያ የሚያስጠላው ቡናማ ዝቃጭ ነበር ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩበት። ልጁ ደንግጦ ቆሟል። ጋሼ ትከሻውን ያዝ አድርገው «ያ እድፍ አልነበረም ልጄ፤ ሠራተኛዬ ነበር» አሉት። ቁጣ አልነበረበትም። በረኪና ማለት ያው ክሎሪን ነው፤ እሳቸው ዋልዳ ላይ በኪኒን እየመረመሩ ስንት ልጅ ያተረፉበት ክሎሪን። ባክቴሪያ መግደሉን ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ እዚህ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን የሚገደሉ አልነበሩም።

ቀኑን ሙሉ ጀሪካን ተሸከምን። ከባሕሩ ዳር፣ ከፍሳሽ መውጫ ርቀን፣ ማዕበሉ ሲሞላ ቀዳን፤ የገንዳው ውሃ በግማሽ ተለወጠ። ምግብ ተከለከለ። አንድ ዓሣ ሻጭ ከራሱ ገንዳ አሮጌና ዝልግልግ ስፖንጅ ሰጠን፤ ጋሼ በጥንቃቄ፣ እርጥቡን ይዘው መጥተው ማጣሪያው ውስጥ አስገቡት። ሰማያዊው በማግሥቱ ሞተ። ሌሎቹ ከውሃው ገጽ ወደ ታች ወረዱ።

ጋሼ ደብተር ገዝተው ጠዋት ጠዋት ቁጥር ማስጻፍ ጀመሩ። አሞኒያው ሲወርድ ናይትራይቱ ወጣ፤ እኔ ስደነግጥ በጨው ውሃ ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥብ እንዳይገባ ስለሚሻማው ለባሕር ዓሣ እንደ ንጹሕ ውሃው ዓሣ አያሰጋም ብለው አስረዱኝ። ከወር በላይ ቆይቶ ሁለቱም ዜሮ ገቡ። ያን ጊዜ እኔ ወደ ናይሮቢ ተመልሻለሁ፤ ብልቃጡን ወደ መስኮት የሚያነሳው፣ ማጣሪያውንም ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ ቀስ አድርጎ የሚያለቀልቀው ያው ልጅ ነበር። በስልክ ቁጥሮቹን እሱ ነበር የሚያነብልኝ፤ ጋሼ ከኋላው ሆነው «ቀኑንም ንገራት» ይሉታል።