ሳይከፈት የቀረ ደብተር

ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ የውስጡ ጽሑፍ ግን አሁንም ይነበባል። በግራ በኩል ቀኑና የትምህርቱ ርዕስ፣ በቀኝ በኩል ተማሪዎቼ የቱ ላይ እንደጠፉብኝ። 1997 ዓ.ም. ሙሉውን፣ ደወል በተደወለ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብዬ የሞላሁት ነው። እስከ ዛሬ ከእኔ በቀር ያነበበው የለም።

ፕላዝማ የምንለው የቴሌቪዥን ትምህርት እኛ ትምህርት ቤት የገባው በዚያ ዓመት ነው። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት ይለቀቃል፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ የተናጋሪዎቹ አነጋገር ለእኔ ለመምህሩም እንግዳ ነበር። ለመምህሩ የሚተርፈው መግቢያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው። መሐሉ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ የቴሌቪዥኑ ነው። ልጅ እጁን ቢያወጣ የሚያይለት የለም። ማስቆም አይቻልም፣ ወደ ኋላ መመለስም አይቻልም። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት ሄደ፤ መብራቱ ሲመለስ ፕሮግራሙ ሌላ ርዕስ ላይ ደርሶ ይጠብቀናል። በታችኛው ክፍል ሳይንስን በአማርኛ ሲማሩ የመጡ የ9ኛ ክፍል ልጆች ናቸው እንግዲህ ዴስክ ላይ ለአራት ተጨናንቀው ስክሪኑን የሚያዩት። ጥያቄ ይመጣል፣ ሁለት ደቂቃ ይሰጣቸዋል፤ ጥያቄውን ገልብጠው ሳይጨርሱ መልሱ ይታያል።

ፊዚክስ ነበር የማስተምረው። አክስለሬሽን ማለት አውቶቡስ ከመናኸሪያ ሲነሳ ወንበሩ ጀርባችሁን የሚገፋበት ነገር ነው ብዬ ለመጀመር አምስት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ያቺን አምስት ደቂቃ አጣሁ። እሷን ያጣሁባቸውን ቀኖች ነው ደብተሩ ላይ የመዘገብኩት።

ግንቦት ላይ ገምጋሚዎች መጡ። የመጡት ለወግ አልነበረም፤ ፕሮግራሙ ገና የመጀመሪያ ዓመቱ ነው፣ የሚስተካከል ካለ ለማየት ነው ተባልን። መጠይቁ አምስት ምርጫ አለው፤ ከላይ እስከ ታች «እስማማለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። መጨረሻው ላይ «ሌላ አስተያየት ካለ» የሚል አራት ባዶ መስመር ነበረው። እንደ ባዶነቱ መለስኩት። በሻይ ሰዓት ከመጡት መካከል አንድ ጠና ያሉ ሰው ወደ ጥግ ወሰዱኝና «መምህር፣ እዚህ ማንም የለም፤ ልጆቹ እየገባቸው ነው?» አሉኝ። ደብተሩ ትከሻዬ ላይ ባንጠለጠልኩት ቦርሳ ውስጥ ነበር። «ደህና ነው» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው አዩኝና ሄዱ።

ለምን? ዝውውር ጠይቄ ነበር። የሥራ አፈጻጸም ውጤቴ ገና አልተሞላም፤ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ከገምጋሚዎቹ ጋር አብሮ ይዞር ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው። ዝውውሩም መጣልኝ።

ከዓመታት በኋላ ሥርዓተ ትምህርትን ላጠና ዩኒቨርሲቲ ስገባ፣ ግምገማን ለሁለት የከፈለው ሰው ጽሑፍ ደረሰኝ። ማይክል ስክሪቨን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ነው የጻፈው። ነገሩ ገና በመሠራት ላይ ሳለ ለማረም የሚደረግ ግምገማ አለ፤ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ዋጋውን ለመስጠት የሚደረግ ግምገማ አለ። ልብስ ሰፊውን ጨርቁ ሳይቆረጥ «እጅጌው ያጥረኛል» ማለት ይቻላል፤ ልብሱ ከተሰፋ በኋላ ግን መበሳጨት ብቻ ነው የሚቀረው። ያን ገጽ ሳነብ ፊቴ ጋለ። እኔን የጠየቁኝ ጨርቁ ሳይቆረጥ ነበር።

በመጀመሪያው ትምህርት ቤቴ ጋሼ የምንላቸው የታሪክ መምህር ነበሩ፤ በ1966 ወጣት መምህር ሆነው አድማ ከመቱት አንዱ ናቸው። የትምህርት ሴክተር ሪቪውን ጉዳይ ሲያነሱ ዓይናቸው ይለወጣል። በ1964 የተጠናው ያ ሰነድ ለሕዝቡ ልጆች ሁሉ ቢያንስ የአራት ዓመት ትምህርት ለማዳረስ ያቀደ ነበር። የመምህራን ማኅበሩ ግን ሳይመክርበት አለቀ። «ጥናቱ ሳይደርሰን ወሬው ደረሰን» ይሉ ነበር። ወላጁ ልጆቼን ከ4ኛ ክፍል ሊያስቀሩብኝ ነው አለ፣ መምህሩ ወጣ፣ ሰነዱ ከነበጎ ሐሳቡ ተቀበረ። ጋሼ እስከ ጡረታቸው «ምነው አስቀድመው በጠየቁን!» እንዳሉ ነበሩ።

የእሳቸው ቁጭት ንጹሕ ነው፤ የሚጠይቃቸው አጥተው ነው። እኔ ግን ተጠይቄ ነው ዝም ያልኩት።

በጥር 2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነገር ሬዲዮ አጠገብ ነበርኩ። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ልጆች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ጥፋቱ የፕላዝማ ነው አልልም፤ ኮሮና አልፎባቸዋል፣ ጦርነት አልፎባቸዋል፣ ፈተናውም ኩረጃ እንዳይኖር ጠብቆ ነበር። ግን ለእነዚህ ልጆች ፊዚክስ ያስተማራቸው ማን ነው ብዬ ሳስብ የ1997 ዴስኮቼ ፊቴ ይመጣሉ።

አምና ከ1997 ተማሪዎቼ አንዷን አገኘኋት። መናኸሪያ ውስጥ «ቲቸር!» ብላ ሮጣ አቀፈችኝ። የፊዚክስ መምህርት ሆናለች። ደስ ብሎኝ ሥራዋን ስጠይቃት፣ ሳታፍር፣ ሳትወቅሰኝም፣ «አክስለሬሽን ላይ ስደርስ አሁንም ጭንቅ ይለኛል፤ እንዳጠናሁት ሰሌዳ ላይ ጽፌ አልፋለሁ» አለችኝ። ከጎናችን አውቶቡስ እየተነሳ ነበር። ተሳፋሪዎቹ አንድ ላይ ወደ ኋላ ለጠጥ ሲሉ በመስኮቱ አየሁ።

ማታ ቤት ገብቼ ደብተሩን ፈለግኩ። ስሟ አለ፤ በኅዳር ወር ውስጥ ያለ አንድ ማክሰኞ ነው። በቀኝ በኩል ጥያቄዋን ጽፌዋለሁ፤ ከሥሩም በራሴ እጅ «ነገ በአማርኛ ላስረዳት» ይላል። ገጹን ገለበጥኩ። ረቡዕ፣ ሌላ ርዕስ።