ወደ አዳማ በባቡር መስኮት

ባለፈው ኅዳር ከልጄ ጋራ በኤሌክትሪኩ ባቡር ወደ ስምጥ ሸለቆይቱ ከተማ ወደ አዳማ ወረድሁ። ልጄ የያዘው፥ የጃፓኑ ኒንቴንዶ በ2003 ዓ.ም. ያወጣውና አሁን መሠራቱ የቀረው መጫወቻ፥ ያለ መነጽር ሥዕልን ጥልቀት ሰጥቶ የሚያሳይ ነው። ከሥዕሉ ጋራ የተደረበው ቀጫጭን ስንጥቅ ያለው መጋረጃ ለቀኝ ዓይን አንድ፥ ለግራ ዓይን ሌላ ሥዕል ያካፍላል። ሁለቱን አዋሕዶ ጥልቀት የሚያደርጋቸው አእምሮ መሆኑን እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን በ1830 ዓ.ም. አስረድቷል።

«አባዬ፥ ዓሣው ወደ ውስጥ ሲገባ አየኸው?» አለኝ። አየሁ አልሁት፤ ዋሸሁ። ግራ ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማያይ፥ ለእኔ ሥዕሉ እንደ ብራና ጠፍጣፋ ነው።

ዱከምን ስናልፍ በመስኮቱ አጠገብ ያለው ጤፍ ወደ ኋላ ሲሮጥ፥ የዝቋላ ተራራ ግን ከእኛ ጋራ የሚጓዝ ይመስል ነበር። ቅርቡ ይፈጥናል፥ ሩቁ ይዘገያል፤ እኔም በአንድ ዓይኔ ርቀትን የምለየው በዚህ ነው። ለልጄ እውነቱን ነገርሁትና አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ተመልከት አልሁት። መጫወቻውን ዘግቶ እንዲሁ ሲያይ ቆየ። ወደ አዳማ ስንቀርብም በኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ኃይል ምሰሶዎች አንዱ በሌላው ፊት ሲያልፉ፥ የትኛው ቅርብ እንደ ሆነ በጣቱ ያሳየኝ ጀመር።