ገማችና ዕጣ

የፕሮባቢሊቲ ትምህርት፣ ማለትም አንድ ነገር የመሆን ዕድሉ ምን ያህል እንደ ሆነ በቁጥር የሚመረምረው የሒሳብ ዘርፍ፣ በየትኛውም አገር በሳንቲም፣ በዳይስና በካርታ ምሳሌ ይጀመራል፤ ምክንያቱም ፓስካልና ፌርማ የተባሉት ፈረንሳውያን በ1654 እ.ኤ.አ. በደብዳቤ ተጻጽፈው መሠረቱን የጣሉለት፣ ሳያልቅ የተቋረጠ ቁማር ገንዘቡ ለተጫዋቾቹ እንዴት ይከፋፈል የሚለውን ጥያቄ ሲፈቱ ነበር። ከዚህ የተነሣ ከቢቸና ወይም ከደንበጫ መጥቶ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ፣ ካርታ መያዝ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ቤት ያደገ ቢሆን እንኳ፣ ከ52 ካርታዎች መካከል ንጉሡ የመውጣቱን ዕድል ሲያሰላ ይውላል። የመማሪያ መጽሐፉ ደራሲ ጎጃምን ቢያውቅ ኖሮ ግን ከቁማር ይልቅ ከዕጣ መነሣት በቀናው ነበር።

በደጋው ጎጃም ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ሲካፈሉ፣ ሽማግሎች ለሙን ከጭንጫው፣ ለቤት የቀረበውን ገደል አፋፍ ላይ ካለው እያመዛዘኑ በተካፋዮቹ ቁጥር ልክ ይደለድሉታል፤ ከዚያም ተካፋዮቹ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ጭራሮ፣ አንዱ ቅጠል ይሰጡና፣ የትኛው የማን እንደ ሆነ ያላየ ሰው፣ ብዙ ጊዜም ሕፃን ልጅ፣ በየድልድሉ ላይ እንዲጥለው ይደረጋል። በዚህ ሥርዓት ሁለት ሥራዎች ለሁለት ወገን መሰጠታቸው ልብ ሊባል ይገባል፤ ማመዛዘኑ የሽማግሌው ሲሆን መምረጡ ግን የዕጣው ነው፤ ሽማግሌውም የትኛው ድልድል ለማን እንደሚደርስ ስለማያውቅ ለወደደው ላዳላ ቢል እንኳ መንገድ የለውም። ዕጣው በተጠቀለለ ወረቀት በሚወጣበት ጊዜ ደግሞ «እኔ ልቅደም» የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም፤ ስሌቱ ግን ክርክሩን ከንቱ ያደርገዋል። ከአራት ወንድማማቾች መጨረሻ የሚያወጣው የተመኘው ድልድል እንዲደርሰው ሦስቱ ቀዳሚዎች ያንን መሳት አለባቸው፤ የመጀመሪያው የመሳት ዕድሉ 3/4፣ የሁለተኛው 2/3፣ የሦስተኛው 1/2 ሲሆን፣ ሦስቱ ሲባዙ 1/4 ይሰጣሉ፤ ይህም መጀመሪያ ያወጣው ሰው ከነበረው ዕድል ጋር እኩል ነው። ይህን ስሌት አሳምሮ የተረዳ ሰውም ቢሆን መቅደሙን አይጠላም።

ስታቲስቲክስ፣ ማለትም ቆጥሮና ለክቶ ስለ ጠቅላላው የመናገር ጥበብ፣ ወደ አካባቢው የገባው ግን በዚህ በር አይደለም። ገበሬው አስቀድሞ ያወቀው ገማቹን ነው። የዐሥራት ገማች አዝመራውን ወይም ክምሩን በዓይኑ አይቶ ይህን ያህል ዳውላ ይወጣዋል ብሎ ይቆርጥ፣ ከዚያም ዐሥረኛው እጅ ለመንግሥት ይገባ ነበር፤ የሚያየውም የሚቆርጠውም አንድ ሰው በመሆኑ፣ የቀረበለት ምሳና የተሰጠው እጅ መንሻ ከእህሉ ጋር አብሮ ቢገመት የሚያስገርም አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. ዐሥራትን የሚተካ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ የየገበሬው ገቢ በገማቾች እንዲገመት ሲታዘዝ፣ ጎጃም ግምቱን የመሬት ልኬታ መቅድም፣ ልኬታውንም የርስቱ ማብቂያ አድርጎ ስላየው አመፀ፤ ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ፣ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ሲነሡ ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፉን ግብር ማሩ። ይህን አመፅ የቁጥር ጥላቻ አድርጎ ማንበብ ስሕተት ነው፤ ርስቱን ለማስከበር የትውልድ ሐረጉን ወደ ላይ እየቆጠረ የሚሟገት ሕዝብ ቁጥርን አይፈራም፣ የጠላው ማን እንደሚቆርጠውና ማን እንደሚጠቀምበት አስቀድሞ ያወቀውን ቁጥር ነው።

ገማቹን ከማሳው ያስወጣው ዘዴ የተገኘው በህንድ የሩዝ እርሻ ላይ ነበር። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ሃባክ የተባለ እንግሊዛዊ ሹም በቢሃርና በኦሪሳ፣ ቀጥሎም ማሃላኖቢስ የተባለው ህንዳዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ በቤንጋል፣ ምርትን በዓይን ከመገመት ይልቅ ከማሳው ውስጥ በዕጣ የወደቀችውን ጥቂት ቦታ ብቻ አጭዶ መመዘን እንደሚበልጥ በሥራ አሳዩ። እንግዲህ ጎጃም ውስጥ ዕጣው በገበሬው፣ ግምቱም በግብር ሰብሳቢው እጅ ተለያይተው ሲኖሩ፣ ሌላ አገር ላይ አንዱ ሌላውን እንዲቆጣጠር ተደርገው ተገናኙ ማለት ነው።

ዘዴው ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየዓመቱ በሚያካሂደው የግብርና ናሙና ጥናት ይሠራበታል፤ ናሙና ማለት ሁሉን መለካት ሳያስፈልግ ሁሉን እንዲወክል የተመረጠ ጥቂት ክፍል ነው። መጀመሪያ የቆጠራ ቦታዎች በዕጣ ይለያሉ፣ በተመረጠው ቦታ ያሉ አባወራዎችና እማወራዎች እንደ አዲስ ይመዘገባሉ፣ ከመዝገቡ ጥቂቶቹ ደግሞ በዕጣ ይወጣሉ፤ በመጨረሻም በማሳው ርዝመትና ስፋት ስንት እርምጃ ገብቶ እንደሚቆም ለሠራተኛው የሚነግረው የዕጣ ቁጥሮች ሰንጠረዥ ነው። የዚህ ዓይነት ሰንጠረዥ የመጀመሪያው በ1927 እ.ኤ.አ. ቲፔት በተባለ እንግሊዛዊ የታተመ ሲሆን፣ 41,600 አኃዞቹ የተለቀሙት በእንግሊዝ ሕዝብ ቆጠራ ላይ ከሰፈረው የየአጥቢያው የመሬት ስፋት ነበር፤ ደብር በሞላበት ጎጃም ይህ እንደ እንግዳ ነገር ባልታየ።

ሠራተኛው ቁጥሩ ባቆመው ቦታ ላይ ችካል ተክሎ ገመድ ይወጥርና በየጎኑ 4 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ያወጣል። ስፋቱ 16 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ አንድ ሄክታር 625 እንዲህ ያሉ አራት ማዕዘኖችን ይይዛል፤ ከውስጡ የታጨደው ጤፍ ደርቆ፣ ተወቅቶና ተነፍቶ 2.8 ኪሎ ቢመዝን በሄክታር 17.5 ኩንታል ይሆናል። ጭንቁ ያለው በገመዱ ላይ ነው። ጤፍ በብተና የሚዘራ ሲሆን፣ ሲያፈራ ጋሽቦ ስለሚተኛ፣ ሥሩ ውጭ የሆነ አገዳ ዘለላውን ወደ ውስጥ፣ ሥሩ ውስጥ የሆነውም ወደ ውጭ ይጥላል፤ ደንቡ በሥሩ ይዳኝ ቢልም፣ እጅ በልማዱ ውጭ ከመተው ወደ ውስጥ መጨመር ይቀናዋል። በዚህ ምክንያት 100 ግራም ብቻ ብትጨመር በሄክታር 62.5 ኪሎ፣ ማለትም ከግማሽ ኩንታል በላይ፣ ማንም ያልዘራው ጤፍ ይበቅላል። ስታቲስቲክስ እንዲህ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያጋድለውን ስሕተት አድልዎ ይለዋል፤ ናሙና ማብዛት የተበታተነውን ስሕተት ሲቀንስ አድልዎን ግን አይነካውም። ዕጣው ውሃ የተኛበት ወይም ቡቃያ የሳሳበት ጥግ ላይ ሲወድቅ ደግሞ የማሳው ባለቤት «ኧረ እዚያ ማዶ ነው የሚያምረው» ማለቱ አይቀርም፤ ግብር ገማች ቢሆን ኖሮ ያንኑ ጥግ መርጦ ባሳየው ነበር።

ባለቤቱ የራሱ ማሳ ስንት እንደ ወጣለት ቢጠይቅ ግን የሚረባ መልስ አያገኝም፤ በ16 ካሬ ሜትር ላይ የቆመ ልኬት ለአንድ ማሳ እንኳ ደካማ ምስክር ነው፣ የሚታመነው ከብዙዎች ጋር ሲደመር ነውና የጥናቱ ውጤት የሚወጣው በዞን ደረጃ ነው። የወረዳና የቀበሌ አኃዝ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ስለዚህ ወደ ግብርና ባለሙያው የዓይን ግምት ይመለሳል፤ ያ ግምት እህሉ ሳይታጨድ ይደርሳል፣ የገመዱና የሚዛኑ ግን ተሰብስቦ እስኪሰላ ወራት ይፈጃል። ሁለቱ ድምር እምብዛም ስለማይገጥም ምሥራቅ ጎጃም በአንድ መኸር ሁለት ምርት ሊኖረው ይችላል፤ ለሥራ አፈጻጸም ሪፖርት የትኛው፣ ለእርዳታ ጥያቄ የትኛው እንደሚጠቀስ የሚወሰነው ግን በዕጣ አይደለም።