መዝገቡ የማን ሐቅ ነው?



ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ምን እንደሚናገር አስተውላችኋልን? ስለ ጽሕፈት ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ ዕዳ የሚዋዋሉ አማኞች ውላቸውን እንዲጽፉ፣ ጸሐፊውም በፍትሕ እንዲጽፍና እምቢ እንዳይል ያዛል። ለአንድ ብድር ይህን ያህል ጥንቃቄ ካስፈለገ፣ የብዙ ቤተሰብ ኒካሕ፣ ፍችና ውርስ የሰፈረበት መዝገብ በእጁ የተጣለበት ሠራተኛ አማናው ምን ያህል ይከብድ?

በአገራችን በ1992 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሦስት ደረጃ አደራጅቷል። ተከራካሪዎች ፈቅደው ሲቀርቡ ጋብቻን፣ ፍችን፣ ቀለብን፣ የሕፃናትን ሞግዚትነት፣ ውርስንና ወቅፍን ይዳኛሉ። ቃዲው የቱንም ያህል በፍትሕ ቢፈርድ፣ ፍርዱ በሥርዓት ካልተመዘገበና ካልተጠበቀ የቲሙ ነገ ምን ይዞ ሐቁን ይጠይቃል?

ባሏ ከሞተባት አንዲት ጎረቤቴ ጋር የውርስ ውሳኔ ግልባጭ ፍለጋ ወደ አንድ ፍርድ ቤት ተመላልሻለሁ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ከወንበሩ ሳይነሳ «መዝገቡ የለም፤ ሰኞ ተመለሱ» አለን። ሰኞ ስንሄድ ለሐሙስ ቀጠረን። በአራተኛው ምልልስ መዝገቡ በሌላ ዓመት ፋይሎች መካከል ተገኘ። መዝገቡስ ተገኘ፤ እርሷ ግን እንጀራ መሸጧን ትታ የዋለችባቸውን ቀናት ማን ይመልስላታል?

እንዲህ ያለ ሠራተኛ ሲከሰስ ብዙዎቻችን «የልጆች አባት ነው፤ ይቅር ይባል» እንላለን። ይቅርታ ትልቅ ምግባር ነው። ነገር ግን ይቅር የሚለው ባለ ሐቁ ነው። የበላይ ኃላፊ ለራሱ የተሰነዘረበትን ክፉ ቃል ይቅር ሊል ይችላል፤ የባልቴቲቱንና የየቲሙን ሐቅ ግን በእነርሱ ስም ይቅር ሊል ማን ፈቀደለት? በሌላው ኪሳራ የሚደረግ ርኅራኄ በደል ነው።

ታዲያ ቅጣቱ እንዴት ይሁን? ያው አንቀጽ ጸሐፊው ራሱም እንዳይጎዳ ያዛል። ስለዚህ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ መልሱም ይሰማ። መደርደሪያ ሳይሰጠው፣ ጣሪያው እያፈሰሰ፣ የሦስት ሰው ሥራ ለብቻው ተጭኖበት ከሆነ ተጠያቂው አለቃው ነው። ሁሉ ተሟልቶለት ሰነፍ ከሆነ በመጀመሪያ ይመከር፤ ከዚያ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው፤ ካልታረመም ከደመወዙ ይቀጣ፤ ከመዝገብ ሥራም ይነሳ። ለጉቦ ብሎ መዝገብ የሰወረ ግን በምክር የሚታለፍ አይደለም፤ ጉዳዩ የወንጀል ጉዳይ ነውና ለሕግ ይቅረብ። ለጥፋቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ቅጣት መስጠትም፣ ሁሉንም በዝምታ ማለፍም ከፍትሕ የራቀ ነው።

የቀደሙት ዑለማዎች ስለ ዳኝነት ሥርዓት በጻፏቸው ኪታቦች፣ አዲስ የተሾመ ቃዲ ከቀዳሚው መዝገቡን ቆጥሮ እንዲረከብ አሳስበዋል። በሐረርም ከአሚሮቹ ዘመን በዐረብኛ የተጻፉ የፍርድ ቤት መዝገቦች እስከ ዘመናችን ደርሰዋል። የዚያን ዘመን ጸሐፊ በብዕርና በቀለም የጠበቀውን፣ የእኛ ዘመን ሠራተኛ በምን ምክንያት ያጠፋዋል?

ውድ አንባቢ ሆይ! አንተም የኒካሕህን ወረቀትና የፍርድ ግልባጭህን በቤትህ በጥንቃቄ አኑር፤ የመዝገብ ቁጥሩን ለባለቤትህና ለልጆችህ አሳውቅ። መዝገብህን የሚያጉላላ ሲያጋጥምህም በሻይ መግዣ አትሸንግለው፤ ለኃላፊው በጽሑፍ አመልክት። የአንተ ዝምታ ከኋላህ ለምትመጣዋ ባልቴት እንቅፋት ነውና።

አላህ አማናቸውን ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።