አራት ቁጥር ላይ ብቻ የሚሠራ ፋን

ሐምሌ ላይ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት የሚተላለፉ መኪኖችን ያየ ሰው ያውቀዋል። ሹፌሩ በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው በጨርቅ የፊት መስታወቱን ይወለውላል። ጠርጎ ሳይጨርስ መስታወቱ መልሶ ላቦት ይለብሳል። ከፊት ለፊት ደግሞ የባህር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች አሉ። እንጦጦ ጫፉ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ውጭው ቀዝቃዛ፣ ውስጡ በአምስት ሰው ትንፋሽ የሞላ መኪና መስታወቱ ቢታፈን አይገርምም። የሚገርመው ይህን ሁሉ ሰው የክረምት ጸባይ ነው ብሎ መቀበሉ ነው። ማሞቂያውና ፋኑ የተሠሩት ለዚሁ አልነበረም እንዴ?

አዲሱ ገበያ አካባቢ የሚሠራ አንድ የቪትዝ ሹፌር ያጋጠመውን ማየት ይበቃል። ፋኑ 1፣ 2 እና 3 ቁጥር ላይ ዝም ይላል። 4 ላይ ሲደርስ ብቻ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ተሳፋሪ ስልክ ማውራት አልቻልኩም እያለ ስለሚያማርር ያጠፋዋል፤ ሲያጠፋው መስታወቱ ይታፈናል። ጋራዥ ወሰደው። “የፋኑ ሞተር ሞቷል” ተባለ። ያገለገለ ሞተር ገዛ፣ የእጅ ከፈለ፣ የአንድ ቀን ገቢ አጣ። መኪናውን አስነስቶ ቢሞክረው ያው 4 ቁጥር ብቻ።

ልብ በሉ፣ ምርመራው እዚሁ ምልክቱ ውስጥ ነበር። 4 ላይ በኃይል የሚዞር ሞተር አልሞተም። ዝቅተኛዎቹ ፍጥነቶች የሚገኙት ኤሌክትሪኩ ሬዚስተር በምትባል፣ መዳፍ ውስጥ በምትገባ ዕቃ በኩል ሲያልፍ ነው፤ እሷ ከኃይሉ ከፊሉን ወደ ሙቀት ቀይራ ታስቀራለች። 4 ቁጥር ግን እሷን ዘልሎ ቀጥታ ይሄዳል። ስለዚህ የሬዚስተሯ መከላከያ ፊውዝ ሲቃጠል ሦስቱ ይጠፋሉ፣ አራተኛው ይቀራል። ይህን ያወቀ ኤሌክትሪሽያን ከተሳፋሪው ፊት ያለውን የዕቃ ማስቀመጫ አውርዶ፣ ሁለት ብሎን በካቻቪቴ ፈትቶ፣ ሶኬቷን ነቅሎ በቴስተር ይለካታል። ሹፌሩ ሁለተኛ ያገኘው ሽማግሌ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ሥራው አንድ ቡና ተፈልቶ እስኪወርድ እንኳን አልፈጀም። (መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ በተዛወረ መኪኖች ላይ ግን ቦታዋን መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ሊሆን ይችላል።)

ሽማግሌው አዲሷን ከመግጠሙ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ ለምን ተቃጠለች? ሬዚስተሯ የምትቀመጠው ሆን ተብሎ ነፋሱ መንገድ ላይ ነው፣ ያው ነፋስ እንዲያቀዘቅዛት። ነፋሱ ከታፈነ፣ ወይም የሞተሩ ኩሽኔታ ደርቆ ከልኩ በላይ ኤሌክትሪክ ከሳበ ትቃጠላለች። ከዚያ መኪና የአየር መግቢያ በእፍኝ የሚዘገን የባህር ዛፍ ቅጠል ወጣ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለማገዶ የመጣ ዛፍ ዛሬ የቪትዝ ፋን ያፍናል ብሎ ማን አሰበ! ጉለሌ ውስጥ ከዛፍ ሥር መኪና የሚያሳድር ሁሉ ከመስታወት መጥረጊያው ግርጌ ያለውን ወንፊት በየጊዜው ማጽዳት አለበት። ይህን ሳያዩ ዕቃ መቀየር ለሚቀጥለው ወር ሌላ ዕቃ ማዘዝ ነው።

ሌላም አለ፤ አንዳንዱ ባለሙያ ነኝ ባይ የተቃጠለውን ፊውዝ በተራ ሽቦ አገናኝቶ “ሠራልህ” ይላል። ይሠራል። ግን ያ ፊውዝ የተቀመጠው ሙቀቱ ሲበዛ ቀድሞ እንዲቆርጥ ነበር። ቀጥሎ የሚቀልጠው ሶኬቱ ነው፣ ከዚያም ዳሽቦርዱ ሥር ያለው ሽቦ። ይህ ቁጠባ ሳይሆን ወንጀል ነው።

ነገሩ የአንድ ሹፌር ብቻ የማይሆነው መኪኖቻችን ገና ብዙ ዓመት አብረውን ስለሚኖሩ ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የነዳጅ መኪና ያለው ሰው ያለውን ይዞ ይቆያል፣ መለዋወጫውም በአዲሱ ዶላር ይገባል። በዚህ ጊዜ ያለ ምርመራ የሚቀየር ዕቃ ሁሉ ከሹፌሩ ልጆች ምሳ ላይ የሚቀነስ ነው። ጋራዥ “ይቀየር” ከማለቱ በፊት የለካውን ለባለመኪናው የማሳየት ግዴታ ቢኖርበት ምን ይጎዳል? ለቦሎ ፍሬንና መብራት እንደሚታየው ሁሉ መስታወት የሚያደርቀው ፋንም በደንብ ሊታይ ይገባል፤ የማያይ ሹፌር ፍሬን ቢኖረው መቼ እንደሚይዝ አያውቅም።

ሱማሌ ተራ ያገለገለች ሬዚስተር ለመግዛት የሚሄድ ሰው አሮጌዋን ይዞ ይሂድ፤ የሶኬቷ እግሮች ቁጥርና አቀማመጥ ከመኪና መኪና ይለያያል። የእግሮቹ ሥር ጠቁሮ ወይም ፕላስቲኩ ቀልጦ ከሆነ ይተዋት። ሲገጥም አስቀድሞ የባትሪውን ነጌቲቭ ይንቀል፣ የፋኑን ሞተርም በእጁ ያዙረው፤ ያለ ችግር መዞር አለበት። ክረምት ላይ ደግሞ የውስጥ አየር ማዞሪያውን ዘግቶ ከውጭ ያስገባ፣ ኤሲ ካለው ከማሞቂያው ጋር አብሮ ይክፈት፤ ኤሲ እርጥበቱን ይመጥጣል። ነዳጅ ይበላል ብሎ የሚያጠፋው ብዙ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁለት ላይ ግን ለጥቂት ደቂቃ ቢበላ ይብላ።