ለአንድ ጎደሎ ሁለት ጤነኛ

«ጥርስ ባዳ ነው» ይባላል፤ ሆድ እያረረ ይስቃልና። መምህሩ ግን ካለፈው ዓመት ወዲህ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።

ከላይ ከክራንቻው ቀጥሎ ያለው ጥርሱ ሲታመም ሁለት ምርጫ ነበረው፦ ሥሩን አሳክሞ ማዳን ወይም መንቀል። ማዳኑ ብዙ ብር፣ መንቀሉ ጥቂት ብር ይጠይቃል። ወሩም አላለቀም፤ አስነቀለው።

ዘንድሮ ሊያስተካ ተመልሶ ሄደ። «መምህር፣ ሦስት መንገድ አለ» አለችው ሐኪሟ። አንደኛው እየወለቀ የሚታጠብ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው፤ ይረክሳል፣ ግን እንደ ራስ ጥርስ አይጸናም። ሁለተኛው ኢምፕላንት ነው፤ የታይታኒየም ብሎን አጥንት ውስጥ ይተከላል፣ ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሃድ ወራት ይወስዳል፣ ዋጋውም ከሁሉም ይበልጣል። ሦስተኛው ብሪጅ ነው። ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ዙሪያቸውን ተሞርደው ልባስ ይደረግላቸዋል፤ የጎደለው ጥርስ ምትክ ከሁለቱ ልባሶች ጋር ተያይዞ እንደ ድልድይ በመካከላቸው ይዘረጋል። በጥቂት ቀጠሮ ያልቃል፤ በደንብ ከተያዘ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል።

«የሚሞረዱት ጥርሶች ምን ሆነው ነው?»

«ምንም አልሆኑም፤ ጤነኞች ናቸው። አንዴ ከተሞረዱ ግን እንደ ቀድሞው አይመለሱም። በብሪጁ ሥርም ምግብ እንዳይቀር በየቀኑ በክር ማጽዳት አለብዎት።»

ዋጋውን ሲሰማ ዝም አለ። ዚርኮኒያው፣ ማጣበቂያው፣ የጥርሱ ቅርጽ የሚወሰድበት ማቴሪያል ከውጭ የሚገባ ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብር በረከሰ ቁጥር የጥርስ ዋጋም ይወጣል፤ የመምህር ደመወዝ ግን አብሮ አይወጣም።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ገበሬም ዕጣው ከዚህ አይሻልም፤ መድኑ ሰው ሠራሽ ጥርስን አይሸፍንም። ጥርስ እንደ ጌጥ ተቆጥሯል። ቆሎ ማላመጥ፣ ቃልን አጥርቶ መናገር፣ ሰው ፊት መሳቅ ጌጥ ነው?

መምህሩ ብሪጁን መርጧል፤ ዕቁቡ እስኪወጣለት ይጠብቃል። ጊዜው ግን አይጠብቅም፤ ክፍተት ሲቆይ አጠገቡ ያሉት ጥርሶች ወደ ባዶው ያዘነብላሉ፣ ከታች ያለውም ሊያድግበት ይችላል።

ያኔ ጥርሱን ለማዳን ያጠረው ገንዘብ ነበር። ዛሬ የሚከፍለው ከዚያ በላይ ነው፤ ሁለቱ ጤነኛ ጥርሶች ደግሞ የዕዳው ወለድ ናቸው። መንቀል ርካሽ፣ ማዳን ውድ በሆነበት አገር ድሃ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።