ጣሳው ሳይከፈት ብሩ አይከፈል

ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ቅቤ የሚገዛ ጎንደሬ ቅጠሉን ገልጦ ሳያይ፣ ቆንጠር አድርጎ ሳያሸት፣ በጣቶቹ መሃል ሳያሽ ብር አያወጣም። ሻጯም በዚህ አትቀየምም፤ እሷም ገዢ ስትሆን የምታደርገው ይህንኑ ነው። ይኸው ሰው ማራኪ ሰፈር ከአንድ መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ የመኪና ሰም ሲገዛ ግን ያን ሁሉ ጥንቃቄ ይረሳዋል። ጣሳው ላይ የሚያብረቀርቅ መኪና ተስሏል፤ ባለሱቁም «ኦሪጅናል ነው» ብሏል፤ በቃ፣ ሒሳብ ይከፈላል። የውስጡ ነገር የሚታየው ላቫጆ ተደርሶ፣ መኪናው ታጥቦ፣ ጨርቁ ከተዘጋጀ በኋላ ነው። እኔ የምለው ይህ ቅደም ተከተል ይገልበጥ ነው። የመኪና ሰም ከመገዛቱ በፊት ክዳኑ ተከፍቶ፣ አረጋጉ በዓይን ታይቶ፣ በእጅ መፈተን አለበት።

«ሰም መቀባት የቅንጦት ጉዳይ ነው፤ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል?» የሚል ይኖራል። ቅንጦት የነበረው መኪናን በቀላሉ መለወጥ ለሚችል ሰው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው በገፋ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ። ስለዚህ ዛሬ ጎንደር ላይ የሚሽከረከር አሮጌ ሚኒባስም ሆነ ባጃጅ ለባለቤቱ የዕለት እንጀራው ነው፤ ቀለሙ ሲላጥና ቆርቆሮው ሲዝግ ዋጋው አብሮ ይወርዳል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይበረታል። በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው፣ ዓመቱን ሙሉ የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫ አለ። እርግጥ ሰም ጨረሩን ሙሉ በሙሉ አይመክትም፤ እንዲያ ብሎ የሚሸጥ ካለ አጋንኗል። ሥራው ውሃው ተንከባሎ እንዲወርድ፣ ቆሻሻው ቀለሙን ሳይዝ በቀላሉ እንዲነሳ ማድረግ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው ግን በወጉ ሲቀባና በወጉ ሲወለወል ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ የሚወሰነው በአረጋጉ ነው።

ከአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተደርድረው የሚገኙት ዕቃዎች ሦስት የተለያየ ጠባይ አላቸው። አንዱ ሰም ነው፤ በቀለሙ ላይ ስስ ሽፋን ይተዋል። ሁለተኛው ፖሊሽ ነው፤ በጣም ደቃቅ በሆነ ብናኝ ቀለሙን ፍቆ ያበራል። ሦስተኛው ኮምፓውንድ ነው፤ ጭረት ለማጥፋት ጠንከር አድርጎ ይፍቃል። የአብዛኛው መኪና የላይኛው ክሊር ውፍረት ከ40 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ከሰው ፀጉር ይቀጥናል። ሰም መስሎት ኮምፓውንድ ገዝቶ በየሳምንቱ የሚቀባ ሰው ይህችን ስስ ሽፋን በገዛ እጁ እየፋቀ ይጨርሳታል። ያበራል፤ እያበራ ያልቃል። መለያው ደግሞ ቀላል ነው። ጥቂት ወስዶ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ቀስ ብሎ ማሸት ነው። ሰም ይንሸራተታል፣ በሰውነት ሙቀት ይለሰልሳል፣ ቆዳ ላይ የሚያዳልጥ ሽፋን ይተዋል። ኮምፓውንድ ግን የደቀቀ አሸዋ ዓይነት ስሜት ይሰጣል። ብናኙ እጅግ የላመ ፖሊሽ ጣትን ሊያታልል ስለሚችል ጽሑፉንም ማንበብ ያስፈልጋል፤ ሻካራነት ከተሰማ ግን ጽሑፉ ምንም ቢል ጣትን ማመን ይሻላል።

በጣሳ የሚሸጠው ደረቅ ሰም ሲከፈት ገጹ ወጥ መሆን፣ ዳር ዳሩም ከጣሳው ግድግዳ ጋር እንደተያያዘ መገኘት አለበት። ዳሩ ከጣሳው ተላቆ ከተሸበሸበ፣ መሃሉ ከተሰነጠቀ ወይም ሲነካ ከተፈረፈረ፣ ክዳኑ በደንብ ሳይገጥም ቆይቶ ማሟሚያው ተንኗል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰም ስስ ሆኖ አይዘረጋም፤ በየቦታው ይከመርና ሲወለወል ነጭ ዥንጉርጉር ጥሎ ይቀራል። «ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ ጠብ አድርግበት፣ ይለሰልሳል» የሚል ምክር መስማት የተለመደ ነው፤ አትስሙት። ቤንዚን ቀለሙን ሊጎዳ ይችላል፤ እሳትም በቀላሉ ይይዛል። ጣሳውን ምድጃ ላይ ማሞቅማ ከዚህም የባሰ አደጋ ነው።

ፈሳሹን በተመለከተ ፍርዱ ትንሽ ይለያል። ከላይ ውሃ ከታች ዝቃጭ መሥራቱ ብቻውን ብልሽት አይደለም፤ ብዙዎቹ ቆመው ሲቆዩ ይለያያሉ። ጥያቄው ደህና አድርጎ ሲነቀነቅ ይመለሳል ወይ ነው። ተመልሶ አንድ ወጥ ከሆነ ደህና ነው፤ ጓል ጓል እያለ ከቀረ ውህዱ ፈርሷል። ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ከአዲስ አበባ ጎንደር የሚመጣ ጭነት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በደብረ ማርቆስ በኩል ሲመጣ ዓባይ በረሃ ወርዶ ይወጣል። በመተማ በኩል የሚገባው በቆላው ሙቀት ያልፋል። ወደ ደባርቅ የሚሻገረው ደግሞ የስሜንን የሌሊት ብርድ ያገኘዋል። ሱቅ ከደረሰ በኋላም መስኮት ላይ ተደርድሮ ፀሐይ ሲመታው የሚውል አለ። ፋብሪካው ጥሩ አድርጎ ሠርቶት መንገድና መደርደሪያ ያበላሹት ይሆናል።

«ስሙ የታወቀውን ከገዛሁ መቼ እሸወዳለሁ?» ለሚለው መልሱ እዚሁ ላይ ነው። ስም ሲመረት ምን እንደነበረ ይናገራል፤ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አይናገርም። ታዋቂ ስም ደግሞ ለአስመሳይ የበለጠ ይማርካል። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ «አረጋግ ብቻውን ጥራትን አያሳይም» የሚለው ነው፤ እውነትም አለበት። ጣት ምን ያህል ካርናውባ የተባለው የዘንባባ ሰም እንዳለበት፣ ስንት ወር እንደሚቆይ ሊያውቅ አይችልም። ጠዋት በብርድ የጠጠረ ጣሳ ከሰዓት በኋላ ሊለሰልስ ስለሚችልም ጥጥረትን ብቻ አይቶ መፍረድ ስህተት ነው። ስለዚህ ፈተናው መጥፎውን ለመጣል እንጂ ጥሩውን ለማጽደቅ አይደለም። ፈተናውን ያለፈውን ወስዶ ጥላ ሥር፣ ከበሩ ግርጌ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ በስሱ መቀባት፣ እስኪደበዝዝ መጠበቅ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ መወልወል ነው። በቀላሉ ከተነሳና ውሃ ሲረጩበት ጠብታው ተንከባሎ ከወረደ ሙሉውን መቀጠል ይቻላል።

«የማር አገር ሆነን ለምን የራሳችንን ሰም አንቀባም?» የሚሉም አሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ኢትዮጵያ በሰም ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ከየጠጅ ቤቱ የሚወጣው ሰፈፍ ራሱ ብዙ ነው። ነገር ግን የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፣ ከዚያም በታች ይለሰልሳል። ከብራዚል ዘንባባ የሚገኘው ካርናውባ ግን ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ድረስ ይጸናል። በቀትር ፀሐይ በጋለ ጥቁር ኮፈን ላይ የንብ ሰም ብቻውን ሲቀባ ይለሰልስና አቧራ ይሰበስባል። ከጠንካራ ሰም ጋር በልኩ ቢቀየጥ ግን ጥሩ ግብዓት ነው፤ እዚህ ጎንደር የሚሞክር ቢነሳ ደስ ይለኛል። እሱም ቢሆን ፓራፊን ወይም ሞራ የተቀላቀለበት ሰም ገበያ ውስጥ እንዳለ አውቆ ጥሬ ዕቃውን መፈተን ግድ ይለዋል።

የባለሱቆችም ቅሬታ መሰማት አለበት፤ የተከፈተ ጣሳ ገዢ አያገኝም። መፍትሔው ከየዓይነቱ አንድ ጣሳ ለማሳያ ከፍቶ ማስቀመጥ፣ የሚሸጠውን ደግሞ ሒሳብ ከመከፈሉ በፊት ገዢው ፊት ከፍቶ ማሳየት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ስለ ጣሳ ክዳን በስም ባያነሳም፣ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ጥራቱን ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻም ለመግዛት አይገደድም። በሃይላንድ ተቀድቶ፣ ምንነቱ ሳይጻፍበት የሚሸጥ ሰም ግን ማሳያም አያድነው፤ አትግዙት።

የማራኪ ባለሱቆች ሆይ፣ አንዲት ጣሳ ለማሳያ ክፈቱ፤ የምታጡት የአንድ ጣሳ ዋጋ፣ የምታገኙት ግን ተመላልሶ የሚመጣ ደንበኛ ነው። ሹፌሮችና የላቫጆ ልጆች፣ እናንተም «ክፈትና ልየው» ማለት አትፈሩ። ሳታዩ አትክፈሉ፤ ስትከፍሉም ደረሰኝ ተቀበሉ።